የግጭ ጉባኤ

በሰሜን ተራሮች፣ ጓሳውና ጅብራው በበዛበት በግጭ አምባ፣ አራዊት አዋጅ ሊያወጡ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ አያ ዋልያ ነበር፤ ቀንዱ ከባድ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። ጸሐፊው ቁራ ነው፤ ያው ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ መንገደኛ ምሳውን ሲፈታ ከየት መጣ ሳይባል ዱብ የሚለው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 (መዝገቡ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እኔም በዚያው እሄዳለሁ) የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲታወጅ፣ ድንበሩ የተሰመረው ዋልያ ተርፎ በተገኘበት ቦታ ዙሪያ ነበር። ተርፎ የተገኘው ደግሞ ገደል ላይ ነው። ገደል ስለጣፈጠው አይደለም፤ ሜዳው ላይ ጠመንጃና ማረሻ ስለበዛበት ነው። 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ተከለለለት። የአገሩ ትልቁ ተራራ ራስ ደጀን እንኳ ውጭ ቀረ።

«አባቶቼ የሸሹበትን ገደል ለክተው ርስትህ ነው አሉኝ» ሲል አያ ዋልያ ጉባኤውን ከፈተ።

ቀይ ቀበሮ ተነሣ። «እኔ የምኖረው በአይጥ ነው። አይጥ ደግሞ ድንበር አታውቅም። ተከትያት መስመሩን ባለፍኩ ቁጥር ሕገ ወጥ ልባል ነው?»

እመት ጭላዳ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች፣ በሁለት እጇ ሣር እየነጨች፣ አፏን ሳታራግፍ ተናገረች። «እኔ ሌሊት ገደል ላይ አድራለሁ፤ ሲነጋ ሜዳ ወጥቼ እግጣለሁ። እንግዲህ ማታ ባላገር፣ ቀን ስደተኛ መሆኔ ነው!» ጉባኤው ሳቀ።

ቁራ ደብዳቤ አነበበ። ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸው ነበር፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ አስገባቸው። ከዚያ ለመውጣት ድንበሩ ይስፋ፣ የሰውና የከብቱ ጫና ይቀነስ ይላል። ተጨበጨበ። የአዋጁ ረቂቅም ድንበሩን ወደ ሊማሊሞ፣ ወደ ቅዱስ ያሬድና ወደ ራስ ደጀን ተራሮች ገፋው፤ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ሦስት እጥፍ።

ይኼኔ ከገብስ ማሳው ዳር ጉሮሮ ተጠረገ። አያ በሬ ነበር፤ ቀንበሩ ገና ከጫንቃው አልወረደም።

«መስመሩ እንደጠበባችሁ አይቻለሁ፤ ይስፋላችሁ» አለ። «ግን እኔ መስመሩ ውስጥ የገባሁ አይደለሁም። እያረስኩ ሳለ እሱ ነው መጥቶ ያገኘኝ። አሁን ሰፍቶ ሲሄድ ሌላ ስንት በሬ ያገኛል? ያገኘውንስ ምን ሊያደርገው ነው?»

ጭላዳ ያንን ገብስ ከማንም በላይ ታውቀዋለችና ዓይኗን ሰበረች። ቀበሮ «ካንተ ጋር ጠብ የለኝም፤ የጌታህ ውሻ ነው በሽታ የሚያመጣብኝ» አለ። ይህ እውነት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ዘር የሚያተርፍ አይደለም።

«አያ በሬ፣» አለ ዋልያ በመጨረሻ፣ «ወንድማችን ነህ። ሣሩን ግን እንደ ወንድም አትበላም።»

«ታች ያለው መሬት አልበቃ ብሎ ነው እዚህ ብርድ ላይ የወጣሁት። አንተም ወደ ገደል የወረድከው ወደህ አልነበረም።»

ዋልያ ዝም አለ። መልስ ጠፍቶት አይመስለኝም፤ መልሱ ሊቀመንበርነቱን የሚያሳጣው ዓይነት ስለነበረ ነው።

ቁራ ብዕሩን አነሣ። «የበሬው ጥያቄ በየትኛው አጀንዳ ሥር ይያዝ?»

«ልዩ ልዩ» አሉ ከኋላ።

ድምፅ ተሰጠ። በሬ የዱር እንስሳ ባለመሆኑ አልተቆጠረም፤ አዋጁም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በ2016 የግጭ ሰዎች ቤታቸውን አፍርሰው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በሬውም ተከተለ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋው መዝገብ ሰረዘ። በትልሙ ላይ ሣር በቀለ፤ ዋልያም ከገደሉ ወጥቶ ጋጠው። የሚያስደስት ነገር ነው፤ ማንም ክፉ አይበለው። በሬው ደባርቅ ላይ ጭድ በሸክም ይገዛለታል፤ የሚያርሰው የለውም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ቁራ «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ደረሰና ሦስት ጊዜ ተጣራ። ከዚያ እንዲህ ሲል በቃለ ጉባኤው አሰፈረ፦ «ባለጉዳዩ ባለመቅረቡ ፋይሉ ተዘግቷል።»