«አየር ነው፣ ይለቀዋል»

የአዲስ አበባ ቧንቧ ሠራተኛ ሐኪሞች ያልታደሉት ጸጋ አለው፤ በሽተኛውን ሳያይ መርምሮ ይጨርሳል። ጠዋት የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠግኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ማታ እቃ አጣቢዋ ቧንቧውን ስትዘጋው ግድግዳው ውስጥ «ጓ!» ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ሠራተኛው ሲደወልለት አያመነታም፦ «አየር ነው፣ ይለቀዋል።»

ጠበል ቦታ እንኳ መንፈሱ ከመልቀቁ በፊት ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ይሄኛው ሳይጠየቅ እንዲለቅ ይጠበቃል።

ቤተሰቡም ይታዘዛል። ሌሊት ሽንት ቤት የገባ ውሃ ለመልቀቅ ይፈራል፤ አያት ያማትባሉ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እየደበደበ መልስ ይሰጣል።

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ይህ ፈጣን ምርመራ ስላልደረሳቸው በከንቱ ደክመዋል። ሞስኮ ውስጥ ረጃጅም ቧንቧ አዘርግተው፣ የሚፈሰውን ውሃ ድንገት እየዘጉ ግፊቱን ሲለኩ ቆይተው ውጤቱን በ1898 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በስሌታቸው መሠረት፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ ባንዴ ሲገታ ግፊቱ በ13 ባር ገደማ ያሻቅባል። የቤት ቧንቧ የለመደው 3 ወይም 4 ባር ነው። ግድግዳውን የሚደበድበው እንግዲህ መሄጃ ያጣው ውሃ ራሱ ነው። ደግሞ እኚህ ሰው «የሩሲያ አቪዬሽን አባት» የተባሉ፣ አየርን ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። ያን ያህል አየር እያወቁ በአየር ማሳበብ አልመጣላቸውም!

አየር አፍ ቢኖረው በስም ማጥፋት ይከስ ነበር። እርግጥ ነው፣ የፈረቃው ውሃ ከቀናት በኋላ ሲመጣ ቧንቧው ያፏጫል፣ ይተፋል፤ ያ አየር ነው፤ ቧንቧዎቹ ተከፍተው ትንሽ ሲቆዩ ይወጣል። ከዚያ ውጭ ግን አየር ባለውለታ ነው፤ ቧንቧው አጠገብ ቀጥ ብሎ በቆመ ዝግ ቱቦ ውስጥ ከተያዘ፣ እንደ ፍራሽ እየተጨመቀ ምቱን ይቀበላል።

ጥፋተኞቹ ሌሎች ናቸው። ጠመዝማዛው አሮጌ ቧንቧ ውሃውን ቀስ አድርጎ ይዘጋ ነበር፤ ሠራተኛው የተካው ዘመናዊው በአንድ ምት ቀጥ ያደርገዋል። ግድግዳው ሲፈነቀል ማቀፊያው የወለቀ ቧንቧ፣ ማቀፊያው ሳይመለስለት በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ውሃው በተገታ ቁጥር ከብሎኬቱ ጋር ይጋጫል። ግማሽ ሲከፈት ብቻ የሚያጓራው፣ ውስጡ ያለችው ጎሚኒ ላልታ ስለምትርገበገብ ነው። ሮቶው ሲሞላ ብቻ የሚንቀጠቀጠው ደግሞ፣ ተንሳፋፊው ኳስ በማዕበሉ እየተወዛወዘ ውሃውን ሲከፍትና ሲዘጋ ነው።

ይህን ሁሉ ለመለየት ሞስኮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሠራተኛው ቴፍሎኑን ኪሱ ሳይከት፣ እዚያው ቆሞ፣ እያንዳንዱ ቧንቧ ሁለቴ ተከፍቶ ይዘጋ። ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ይከፈለው።