እንፋሎቱን ሸሽቶ ንፍሮውን

ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ የሚቀርብ ሰው አታገኙም። ከልጆቹ አንዱ ጆጉንና ማስታጠቢያውን ይዞ ከታላቅ ይጀምራል። «አያ፣ እጅዎን» ይላል። አያ ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ውኃው ገና ጣታቸውን ሳያርስ «በቃ፣ በቃ፣ እደግ!» ብለው ይመርቁና፣ ሲነጋ አህያ የጫኑበትን፣ ረፋዱ ላይ በግ ያቀፉበትን የጋቢያቸውን ጫፍ ስበው እጃቸውን ደህና አድርገው ያደርቁበታል። እንግዳው ደግሞ በሳሙና ፈትጎ ይታጠብና በዚያው እጁ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። «ማዕድ ላይ ነኝ፣ ቆይቼ ልደውል» ብሎ ይዘጋል፣ ይጎርሳል፣ ያጎርሳል። ሥርዓቱ አንድም ሳይጎድል ተፈጽሟል፤ የጎደለው ንጽሕናው ብቻ ነው።

ስለዚህ «የእኛ ሰው በምግብ ጥንቃቄ የለውም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከራለሁ። ጥንቃቄማ ሞልቶናል። አደጋው በጓሮ በር ሲገባ ዘበኛውን የፊት በር ላይ ማቆማችን ነው እንጂ።

ጓያን እንውሰድ። ጓያ ጤፉም ስንዴውም ሲከዳ የማይከዳ እህል ነው። ድርቅ ሲመጣ ማሳው ላይም ድስቱ ውስጥም የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ይሰብራል፤ የያዘው ሰው ወደ ቀድሞ እርምጃው አይመለስም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ድርቁን ተከትሎ እዚያው ወሎ፣ ደላንታና ዳውንት ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ዞረው ጓያው እንዴት ተሠርቶ እንደተበላ ጠየቁ። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን የበላው ሰው ለሽባነቱ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ተቦክቶ እንጀራ የሆነው ወይም ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለው ግን ጉዳቱ ያነሰ ነበር። የጓያው መርዝ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ጥሩ ድርሻውን ይዞለት ይሄዳል።

የአገሩ ሰው ከጓያ አይጠነቀቅም እንዳትሉ። እንዴት አድርጎ ይጠነቀቃል! «ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይመታህ። ገለባው ላይ እንዳትተኛ። ማሳውን አቋርጠህ እንዳትሄድ።» ልጁን ከምድጃው ያርቁታል፣ በሩን ይከፍታሉ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ያንኑ ልጅ ጠርተው ንፍሮውን በእፍኙ ይሰጡታል።

እዚያው ዋድላ ደላንታ በ1970 ዓ.ም. የሆነውም የዚሁ ዘመድ ነው። ድርቁ ገብሱን አዳክሞት ማሳውን ስናር ወረሰው። በስናሩ ዘለላ ላይ፣ ፍሬ መቀመጥ ባለበት ቦታ፣ ቀንድ የመሰለ ጠቆር ያለ ሻጋታ በቀለ። ይህን የበላው ሰው ጣቱና እግሩ ደም እያጣ ጠቆረ፤ የሞተም አለ። በደህና ዓመት እንዲህ ያለውን ነገር የምትይዘው ሰፌድ ይዛ ደጃፍ የምትቀመጠው እናት ናት። ታበጥራለች፣ ታንጓልላለች፣ አንድ በአንድ ትለቅማለች። በወሎ ደጋ የምግብ ደኅንነት ትክክለኛው በር ላይ ቆሞ ያየሁት እዚያ ሰፌድ ላይ ነው፤ ደመወዝ የሌለው መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ችግሩ፣ የተራበ ቤት እህል ለቅሞ አይጥልም።

ፈረንጆች ትክክለኛውን በር ፈልጎ ዘበኛ ማቆምን ሃሳፕ የሚል ስም ሰጥተውታል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ገደማ ነው፤ ፒልስበሪ የተባለው የአሜሪካ ዱቄት ፋብሪካ ለናሳ የጠፈርተኛ ስንቅ ሲያዘጋጅ። ጠፈርተኛ ሆዱን ቢያመው የሚወርድበት የለም። (ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ የሚወርድ ተሳፋሪም መውረጃ የለውም፤ እሱስ ቢያንስ ሾፌሩን ይለምናል።) ያለቀለትን ምግብ እየከፈቱ መመርመር ደግሞ አላዋጣም፤ ለምርመራ የሚከፈተው በዝቶ ለመብላት የሚተርፈው አነሰ። ስለዚህ ከጥሬ ዕቃው እስከ ማሸጊያው ተከትለው አደጋው የሚገባበትን ቦታ ለዩ፤ እዚያ ላይ ልክ አስቀመጡ፤ ልኩ ሲታለፍ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ተቀበለው። እኛም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለን፤ መመሪያም አላነሰንም።

የወረቀት ነገር ከተነሳ አንድ ስሙ ይቆየን የምግብ ማምረቻ ልንገራችሁ። በሩ ላይ «ያለ ጋውን መግባት ክልክል ነው» ይላል። ትእዛዙ በጥብቅ ይከበራል፤ ጋውኑ ግን አንድ ነው። ከተገዛ ጀምሮ የመጣ እንግዳ ሁሉ ለብሶታል፤ ነጭ እንደነበረ የሚመሰክረው አንገትጌው ሥር ያለው ስፌት ብቻ ነው። ውስጥ ሲገቡ የወተቱ ማቀዝቀዣ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ ተንጠልጥሏል። ጠዋት 4፣ ቀትር 4፣ ማታ 4። ሰኞም 4፣ እሑድም 4። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ወር።

«መብራት የጠፋ ቀንስ?» አልኩት ኃላፊውን።

«ያን ቀንም 4 ነው ጋሼ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ኦዲተሩ ሌላ ቁጥር አይወድማ!»

ልጁ ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም። ቅጹ የተፈጠረው ለወተቱ ሳይሆን ለኦዲተሩ መሆኑን ከእኔ በፊት ገብቶታል። ቴርሞሜትሩ ራሱ ባትሪ ካለቀበት ቆይቷል፤ ቅጹ ግን አንድ ቀን አልዘለለም።

ወተት ካነሳን አይቀር፣ እዚህም ዘበኛው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙና መርምሮ ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ አገኘ። ከአውሮፓው ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። መነሻው ላሟ አይደለችም፣ አላቢዋም አይደለችም፤ ዋናው ተጠርጣሪ ላሟ የበላችው የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። እኛ ወተቱን ሦስት ጊዜ ገንፍሎ ምድጃውን እስኪያጠፋው እናፈላለን። ማፍላቱ ደግ ነው፣ ጀርም ይገድላል፤ አትተዉት። ይህን መርዝ ግን እሳት አያጠፋውም። ፋጉሎው የተከመረበትን እርጥብ መጋዘን ከፍቶ የሚያይ አንድም ሰው የለም፤ መጋዘን ውስጥ ጋውን አያስለብሱማ።

በርበሬም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲደፋ ውኃ ይረጭበታል፤ ከዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ ይሰፋዋል። እርጥበትና ሙቀት ያገኘ ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል? አዲስ አበባ ያለው ዘመድ አፉን ይፈታል፣ ያሸታል፣ ያስነጥሳል፣ «ይሄ ነው የአገር ቤት!» ይላል። እትዬ ደግሞ እያንዳንዱን ዛላ በእርጥብ ጨርቅ ከአቧራ ትወለውላለች። ሆዱ የነጣውን አንድ ዛላ ስታገኝ አንስታ ትጥላለች፤ አጠገቡ የከረሙት ከነምስጢራቸው ወደ ወፍጮ ይሄዳሉ። ከተፈጨ በኋላማ ማን ይለየዋል? ሁሉም ቀይ ነው።

ስለዚህ ከመካነ ሰላም፣ ከከላላ፣ ከወግዲ በርበሬ የምትልኩልን ዘመዶቻችን ሆይ፣ አንድ ልመና አለን። ስትገዙ ውኃ ያልተረጨበትን ለዩልን፤ ሳትጭኑት በፊትም ሸራ ላይ አስጥታችሁ ዛላው ሲነኩት እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ሁለትና ሦስት ቀን ጸሐይ ጨምሩለት። የሚጎድለውን ኪሎ እኛ እንከፍላለን።