ማርያምን አልምልም!

ቢስቲማ ገበያ ፍየል ሊገዛ የወጣ ሰው ፍየሏን ከማየቱ በፊት መሐላዋን ይሰማል። «ወላሂ፣ አሁን ከዚህ በላይ ተሰጥቶኝ ነው እምቢ ያልኩት!» ይላል ባለፍየሉ። ገዢውም አያንስም። «ማርያምን፣ ኪሴ ውስጥ ያለችው ይቺው ናት» ይላል፤ ኪሱን ግን አይገለብጥም። ሻጩ ዝቅ፣ ገዢው ከፍ እያለ፣ ሁለቱም የማሉበትን ዋጋ ጥለው መሐል ላይ ይገናኛሉ። ፍየሏ በሦስተኛ ዋጋ ትሸጣለች። የተማለባቸውን ሁለቱን ዋጋዎች ግን ማንም መልሶ አያነሳቸውም።

ቢስቲማ የወረባቦ ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ በሐይቅ በኩል ታልፎ ይገባባታል። የሚበዛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ክርስቲያኑ ነጋዴ ገበያ የሚወጣው ሁለት ዓይነት መሐላ ይዞ ነው። በርበሬ የሚሸጥ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ በየፆሙ የማይጠፋ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው። «ወላሂ» ብሎ ሲምል ሰማሁትና፣ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።

«በራሴማ በሐሰት አልምልም፤ እፈራለሁ» አለኝ።

አጠገቡ ሽንኩርት የዘረጋው ሙስሊም ጎረቤቱ ቀና ብሎ፣ «እኛስ ማርያምን የምንለው ለምን ይመስልሃል?» አለ።

ወሎ እንዲህ ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ሲነሱ ስማቸው ራስ ሚካኤል ሆነ፤ የአገሩ አፍ ግን እስከ ዛሬ የሁለቱንም ወገን ነው። አጎቱ ሼህ፣ አክስቱ ቆራቢ የሆነ ሰው መማያ አይቸግረውም።

ክርስቲያን ይሳደባል ወይ ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው። ስድብ ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተሳድበን ስናበቃ «ይቅር ይበለኝ» እንላለን። መሐላን ግን ማንም ከኃጢአት አይቆጥረውም። የማቴዎስ ወንጌል 5ኛው ምዕራፍ ቢከፈት ሁለቱም በአንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ስብከት ውስጥ ተከልክለው ይገኛሉ። ቁጥር 22 ወንድሙን የሚሰድበውን በእሳት ያስፈራራል። ትንሽ ወረድ ሲሉ፣ ቁጥር 34 ላይ፣ በሰማይም ቢሆን ጨርሶ መማል አይሆንም ይላል። ወንጌሉ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አስጽፈው አኑረውታል። ከሐይቅ ቢስቲማ ቅርብ ነው፤ ያቺ ቁጥር 34 ግን ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ መኪና አጥታ ይሁን፣ ገበያው ድረስ አልዘለቀችም።

አንዲት እናት ለነፍስ አባታቸው ሲናዘዙ ነው ተብሎ የሚወራ ጨዋታ አለ።

«አባቴ፣ ጎረቤቴን ክፉኛ ተሳድቤያለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ኧረ ማርያምን፣ አፌ አይደፍረውም!»

«ስድቡስ ይቅር፤ መማሉን ግን ተይ፣ ልጄ።»

«እኔ? ሚካኤልን አልማልኩም!»

«በይ ሃምሳ ስገጂ።»

«ኧረ በሞቴ አባ፣ ይቀንሱልኝ!»

ይህቺ «በሞቴ» ራሷን የቻለች ጉዳይ ናት። ግብዣ ቤት ከገባን፣ ጠግበናል ብንል፣ ሆዳችንን ብናሳይ፣ ሐኪም ከልክሎናል ብንል የሚሰማን የለም። ባለቤቲቱ ጉርሻውን አፋችን ላይ ደቅነው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይላሉ። እንግዲህ የሰው ነፍስ በእጃችን ገባ ማለት ነው፤ ካልጎረስን ገዳዮች ነን። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚብሰው በእንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ቅዱስ ዮሐንስ ብለን እንበላለን፤ በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ቤተ ክርስቲያን ያው ዮሐንስ አንገቱን የተቆረጠበትን ቀን ታስባለች። ለምን ተቆረጠ? ሄሮድስ በግብዣ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ለአንዲት ዘፋኝ ልጅ የጠየቅሽኝን ሁሉ እሰጥሻለሁ ብሎ ስለማለ። ሰውየው ኋላ አዝኗል፤ ግን እንግዶቹን አፈረ። መሐላ በግብዣ መሐል ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም፤ እኛ ግን በዚያችው ቀን የተረፈውን ዶሮ ወጥ ይዘን በሞቴ እንባባላለን።

መስከረም 2 ለመሐላ ክፉ ቀን ሳትሆን አትቀርም። በንጉሡ ዘመን ሰው ቃሉን ለማጽናት «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» ይል ነበር። ሻጭም፣ ተሟጋችም፣ ተበዳሪም ንጉሡን ሲገድል ይውል ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞቱ ተባለ። በሐሰት የማለባቸው ሰው ብዛት ሲታሰብ ሰማንያ ዓመት ማለፋቸው ራሱ ይደንቃል።

ወደ ስድቡ ስመለስ፣ እኔ ለተሳዳቢ አደላለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ልጆቻቸውን ሲራገሙ የሚውሉ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ለትልቁ «ጅብ ይብላህ»፣ ለትንሹ «ድፍት ያድርግህ» ነው። ትልቁ መሽቶ ካልገባ ግን ባትሪ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በዚያ ጨለማ ጅቡን ፍለጋ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። እርግማን ነው፤ አላስተባብልም። ግን ማንንም አላታለሉበትም። «ወላሂ» የሚለው ባለበርበሬ ግን ድምፁ ለስላሳ፣ ፊቱ የጸሎት ሰው ሆኖ ሳለ ከበርበሬው በታች ያለውን ሌላ ነገር ያውቀዋል። እትዬ የእግዚአብሔርን ስም አልጠሩም፤ ይሄ ግን ለሚዛን ማጭበርበሪያ ምስክር አድርጎ ጠራው። ሁለቱ ለንስሐ ቢሰለፉ እትዬን አስቀድማለሁ።

ጴጥሮስም ቢሆን በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ የወደቀው በመሐላ ነው፤ አላውቀውም ብሎ ማለ፣ ተራገመም፣ ወዲያው ዶሮ ጮኸ። ደግነቱ ያ ሥርዓት ቀርቷል። ቢስቲማ ላይ በየሐሰት መሐላው ዶሮ ቢጮህ ኖሮ ዶሮ ተራ ውስጥ ዋጋ መነጋገር አይቻልም ነበር።

ሙስሊሞቹ በዚህ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ቅጣቱ ተወስኗል። አስቦበት ምሎ መሐላውን ያፈረሰ አሥር ድሃ ያበላል ወይም ያለብሳል፤ ካጣ ሦስት ቀን ይፆማል። ሳያስብ ከአፉ ላመለጠው ግን አይጠየቅም። ገበያውን ሁሉ ብትጠይቁት አምልጦት ነው። ያቺ አሥር ድሃ ለእኛም ትደንገግልን ብዬ ለባለበርበሬው ወዳጄ ሐሳብ አቀረብኩ። አሰብ አደረገና፣ «ወረባቦ ውስጥ ይሄን ያህል ድሃ ከየት ይመጣል?» አለኝ።

ከገበያው ስመለስ የሐይቁ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። ረዳቱ፣ «ማርያምን፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ስድስት ጫነ። ከፊት የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ዞር አሉና፣ «ልጄ፣ አዎን ወይም አይደለም ማለት ይበቃል፤ የማርያምን ስም ለወንበር አትጥራው» አሉት። ልጁ ጨዋ ነው፤ «እሺ አባ» አለ።

ቀጥሎ ስንቆም አንድ ሰውዬ መጣ። «አሁን ትንቀሳቀሳላችሁ?»

«አዎን» አለ ረዳቱ።

«እውነትህን ነው?»

«አዎን።»

«እስቲ ማል።»

ረዳቱ መሪጌታን አየ፤ ዝም አለ። ሰውዬውም ጠረጠረና ከኋላ ወደቆመው መኪና ሄደ። የዚያኛው ረዳት ገና ከሩቅ «ወላሂ፣ አሁን ነው የምንወጣው!» እያለ በሩን ከፈተለት።

የእኛው ልጅ በሩን ዘጋና እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። «አባ፣ የዚህን ወንበር ሂሳብ እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት።»