ሥጋው እንዳይበላሽ

ኩታበር ባረፍኩበት ግቢ፣ ከሰው ቁመት ባልበለጠ የብረት ማማ ላይ ሮቶ ተቀምጧል። ልኩን የሚያውቁት እትዬ ናቸው። በመጥረጊያ እንጨት ከታች ወደ ላይ ኳ ኳ ያደርጉትና፣ ድምፁ ከታፈነበት ወደሚጮኽበት ሲሻገር «እስከ እምብርቱ አለ» ይላሉ። ሲሳሳቱ አላየሁም።

ልጃቸው ለበዓል ከደሴ ሲመጣ ፍሎተር ይዞ መጣ፤ ውሃው ሲጎድል ፓምፑን የሚያስነሳ፣ ሲሞላ የሚያቆም። ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ «መብራት አለ?» አለ። የለም። «እሰይ!» ብሎ መሰላል ላይ ወጣ።

«ብሬከሩን እናውርደው?» ብል ሁሉም ዞረው አዩኝ። «መብራቱ ከመጣ ፍሪጁ ወዲያው ይያዝ እንጂ፤ የበዓል ሥጋ አለበት» አሉ እትዬ። በእኛ ዘንድ የሠራተኛው ዋስትና የመብራት መጥፋት ነው፤ መብራት ደግሞ ሲመለስ አንኳኩቶ አይገባም።

የጎረቤት ሬዲዮ ዘፈኑን ከመሃል ሲጀምር ባለሙያው ሽቦውን ለቆ ማማውን አቅፏል። «ነካህ እንዴ ልጄ?» «ኧረ ምንም እትዬ፣ ሰላም ነው ያለችኝ።» 220 ቮልት፣ እርጥብ እጅ፣ የብረት መሰላል። ሰላምታው በዚያ ማለቁ የእናቱ ጸሎት ነው።

ቡና ጠጥቶ ቀጠለ። ኬብሉ አጠረውና ሮቶው ውስጥ ቀጠለው፤ በናስትሮ ጠቀለለ፣ በላዩ ፌስታል አሰረ። መቀጠያው ቦታው ከውጭ፣ ደረቅ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ኬብሉም ሳጥኑ ጋ ሳይደርስ ወደ ታች እጥፍ ብሎ፣ ጠብታው ከጉልበቱ ላይ እንዲረግፍ። ደህናው አሠራር ደግሞ ፍሎተሩ 24 ቮልት ብቻ ይዞ ኮንታክተር ለሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ መንገር፣ የፓምፑን ጉልበት ኮንታክተሩ መሸከም ነው። ይህን ስናገር ሦስተኛው ቡና እየተቀዳ ነበር።

ትልልቅ ታንከር ላይ ከውሃው ሥር የሚወርድ መለኪያ አለ፤ ከላዩ በተጫነው ውሃ ልኩን ይናገራል፣ 10 ሜትር ውሃ ወደ 1 ባር ይጫናልና። የሚናገረው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ነው። ባዶ ሲሆን 4 ይላል፤ 0 ካለ ሽቦው ተበጥሷል። «የለም» እና «አልሰማሁም» እንዳይምታቱ የታሰበ ብልሃት ነው፤ ቢሮ ለቢሮ ለተንከራተተ ሰው ያስቀናል። በኬብሉ ውስጥ ደግሞ የአየሩን ጫና ከውሃው ጫና እንዲለይ የውጩን አየር የሚያደርስለት ቀጭን ቱቦ አለው። አንድ ጥንቁቅ ወዳጄ «ውሃ እንዳይገባ» ብሎ አፉን በናስትሮ አፈነው። ከዚያ ወዲህ ያ መለኪያ ሰማዩ በተለዋወጠ ቁጥር ውሃ ይጨምራል፣ ውሃ ይቀንሳል።

የእትዬ ፍሎተር ሦስት ሽቦ ነበረው፤ ሁለቱ ተቀያይረዋል። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ይተጋል፣ ሲጎድል ይተኛል። ሌሊቱን ዶሮዎቹ ላይ ዘነበ።

በማግስቱ ባለሙያው ሊያስተካክል መጣ። «መብራት አለ?» አለ። አለ። ብሬከሩ በሁለት እርምጃ ርቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱ ግን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ እስኪጠፋ።