ፈርዖንን በሩጫ

የሉክሶሩን የካርናክ ቤተ መቅደስ ለመገንባት ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ለጎብኚው የሚመደብለት ግን አንድ ሰዓት ነው። በ134ቱ ምሰሶዎች መሀል አንገቱን ቀና ሳያደርግ «ያላ! ያላ!» ይባላል። በነገሥታቱ ሸለቆ መደበኛው ትኬት ሦስት መቃብር ያሳያል፤ በ1922 እ.ኤ.አ. የተገኘው የቱታንኻሙን መቃብር የብቻውን ያስከፍላል። በወጣትነቱ የተቀጨ ንጉሥ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ግብር ይሰበስባል!

በንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ደግሞ ግብፃውያን ፑንት ከምትባል አገር የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተሸክመው መርከብ ላይ ሲጭኑ ተቀርጿል። ብዙ ምሁራን ፑንትን ወደኛው የአፍሪካ ቀንድ ያስጠጓታል። አስጎብኚው እዚህ ጋ ሰዓቱን ያያል፤ የአልባስጥሮስ ሱቅ ይጠብቃላ! እዚያ ወንበር ይሳባል፣ ሻይ ይቀርባል፣ ችኮላ የሚባል ነገር የለም።

ሉክሶር የምትሄዱ፣ የሱቁን ሰዓት ለፑንት ግድግዳ አስቀይሩ።