ሚዛኑ ምን በደለ?

በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ ደንበኞቹን ጠንቅቆ ያውቃል። መጀመሪያ ጫማ ይወልቃል፤ ቀጥሎ ጃኬት፤ ከዚያ ስልክ ከኪስ ይወጣል። ቁጥሩ ካልጣመ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው። «ይሄ ነገር ይሠራል ግን?»

ሚዛን ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ይመዘናል፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ይመዘናል፤ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ይነሳና እግረ መንገዱን ይመዘናል። ጠጥቶ ሲደግም ይደነግጣል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ግን ተማሪ ቤት ተነግሮታል! ጨው የበዛበት እራትም ውኃ ይዞ ያድራል። ክብደት በቀን አንድ ሁለት ኪሎ ቢዋዥቅ ብርቅ አይደለም። አንድ ኪሎ ስብ ግን ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያዘለ ነውና በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ በአንድ ብርጭቆ የሎሚ ውኃም አይሄድም።

ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ከሚዛን በተንጠለጠለ ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ የበላውንም ያስወጣውንም ለ30 ዓመታት ያህል ሲመዝን ኖሯል። ግኝቱንም በ1614 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እሱስ ከሰውነት ሳይታይ የሚተነውን ሊያውቅ ነበር፤ ለሠርግ ሱሪ አልነበረም።

በአሜሪካ ክብደት ቀንሰው እንዳይመለስባቸው የቻሉ ሰዎችን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከታተል መዝገብ አለ። ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ። ይህን የሰማ የእኛ ሰው ለመመዘኛ የሁዳዴን ዓርብ ይመርጣል፤ በፋሲካ ማግስት ግን ሚዛኑ ባትሪ ይጨርሳል።