ካፒቴን ማጂድና በላዔ ሰብእ

የዘጠናዎቹ ልጆች አንድ ሊቅነት አለን፦ ዐረብኛ ሳናውቅ ተከታታይ ፊልም በዐረብኛ መጨረስ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ስፔስቱን በዲሽ ቤታችን ሲገባ፣ ጃፓን የወለደችው የአኒሜ ኳስ ተጫዋች ትሱባሳ «ካፒቴን ማጂድ» ተብሎ ዐረብኛውን ያንበለብለው ነበር። እኛም በገዛ ግምታችን እየተረጎምን አብረነው አልቅሰናል። ሜዳው ዳርቻ የለው፤ ዛሬ የተመታች ኳስ ጎል የምትገባው ነገ ነው።

አሁን አድገን ትዝታ ያዘን። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ እንሻገራለን፤ የቡናውን ጫካ አልፈን ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንደርሳለን። የመቅደሱን የግድግዳ ሥዕል ቀና ብለን እናይና «ውይ፣ አኒሜ ይመስላል!» እንላለን። አያቱን «የልጅ ልጁን መሰለ» እንደማለት ነው።

ትልልቅ ዓይን? ቴሌቪዥን ሳይፈጠር እዚህ ተስሏል። ክፉውን መለየት? ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎኑ ስለሚሣል የሚታየው አንዱ ብቻ ነው፤ የሚያስፈራ ሙዚቃ መጠበቅ አያሻም። የክፉው ሰው በመጨረሻ መዳን? በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውኃ ድኗል፤ ያውም በአንድ ግድግዳ። ድራጎን ቦል ቢሆን ለጥርኟ ብቻ አሥር ክፍል ይፈጅባት ነበር።

እኛ ግን የናሩቶ ቲሸርት ለብሰን ከበላዔ ሰብእ ጎን ፎቶ እንነሣለን፤ ከሥሩም «ምነው ለእኛም እንዲህ ያለ ታሪክ በኖረን!» ብለን እንለጥፋለን።